ጆሮ ያልተጠየቀበት ኮርስ

ባለፈው ሴሚስተር የግጥም ኮርስ ወስደን ነበር። አብዛኞቻችን አልፈናል፤ እኔም አልፌያለሁ። ስለዚህ ይህን ሒስ የምጽፈው በውጤቴ ቂም ይዤ አይደለም። ኮርሱን አልፌ፣ ግጥም መስማት ግን ሳልማር በመውጣቴ ነው።

የኮርሱ አካሄድ ይታወቃል። መጀመሪያ ብያኔ፣ ቀጥሎ የዓይነቶች ዝርዝር፣ ከዚያ ምሳሌ፣ በመጨረሻ ፈተና። የወል ቤት ሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ቀለም ነው ብለን ሸመደድን፤ በጣታችንም ቆጠርን። ታዲያ መምህሩ አንድ ግጥም አንብቦ «ስንኙ የት ላይ ያርፋል?» ቢለን ኖሮ ስንቶቻችን እንመልስ ነበር?

እኔ ያደግሁት ደገሀቡር ነው። በሻይ ቤቱ ሽማግሌዎች ገበይ ሲያሰሙ እያዳመጥኩ ነው ያደግሁት። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። ገበይ ግን የሚገጥመው በቃል መነሻ ድምፅ ነው። ስንኙ ለሁለት ይከፈላል፤ ገጣሚው በ«ደ» ከጀመረ በሁለቱም ክፍል በ«ደ» የሚነሳ ቃል ሊኖር ይገባል፤ መቶ ስንኝ ቢሆን እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው። ሕጉ ሲጣስ ሽማግሌዎቹ ወዲያው ይሰሙታል። ብያኔ ያስተማራቸው የለም። የሌላውን ሰው ገበይ የሚያሰማም የገጣሚውን ስም መጥራት፣ ቃሉንም ሳይለውጥ ማድረስ ይጠበቅበታል። እኛ «ምንጭ ጥቀሱ» የምንባለው እኮ ይሄው ነው! ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን በ1913 ዓ.ም. ኢሚ ላይ ሲሞት ሶማልኛ ገና ይፋ ፊደል አልነበረውም፤ ግጥሞቹ በሰው ቃል ተይዘው ነው ብዙ ዘመን የተሻገሩት።

ከፈተናው በኋላ አንድ ማታ ዶርም ውስጥ የወል ቤት ግጥም ጮክ ብዬ ሳነብ ልክ እንደ ገበይ መሐሉ ላይ አረፈልኝ። ስድስት፣ ዕረፍት፣ ስድስት። ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝ ነገር በአንድ ደቂቃ ገባኝ። ለካ ድልድዩ ከመጀመሪያው ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄን አላወጣሁም። «የሶማልኛ ግጥም እዚህ ምን ይሠራል» እባላለሁ ብዬ አፈርኩ።

«መምህሩ ሶማልኛ አያውቅም፤ ጊዜውም አይበቃም» የሚል ይኖራል። መምህሩ ቋንቋውን ሁሉ ይወቅ ያለ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ በቃሉ የሚያውቀውን ግጥም ይዞ ይምጣ። ከጎንደር የመጣው ፉከራውን፣ ከወለጋ የመጣው ጌራርሳውን፣ ከጅግጅጋ የመጣችው የሴቶቹን ቡራንቡር። በራሱ ቋንቋ ያሰማን፤ ትርጉሙን ይንገረን፤ ስንኞቹን ምን እንደሚያስተሳስራቸው ያስረዳን። አጨብጭበን የምንለያይበት የባህል ቀን እንዳይሆን ግን ጥያቄው ይጥበቅ፤ ማስረዳት ያቃተው ተመልሶ ያዳምጥ። ብያኔው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ያኔ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ከሁሉ በላይ ፈተናው ይለወጥ። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ ብያኔ ከተጠየቀ ብያኔ ይሸመድዳል። ሰምተነው የማናውቀው ግጥም ይነበብልንና የሰማነውን እንጻፍ።

የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ።