ከቅርጿ የምትወጣበት ሰዓት

ጉትቻዋ የእንባ ጠብታ ትመስላለች። ውፍረቷ 3 ሚሊሜትር ነው። ውስጧ አንዲት የአደይ አበባ ቢጫ ቅጠል ተኝታለች፤ መስከረም ላይ ተለቅማ ለሳምንታት መጽሐፍ መካከል ቆይታለች። እርጥበት ቢኖርባት ሬዚኑ ውስጥ ትጠቁር ነበር። ጉትቻዋ የምትሠራበት ኢፖክሲ ሬዚን 2 እጅ፣ ማጠንከሪያው 1 እጅ ሆነው ተለክተዋል። ቀስ ተብለው ተማስለው ሲሊኮን ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብተዋል። አረፋው በስቴኪኒ ጫፍ ተለቅሟል። የቀረው መጠበቅ ነው፤ እኔ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህንኑ ነው።

ብዙ ጊዜ የሬዚኑ ጠርሙስ ላይ ለመድረቅ 24 ሰዓት የሚል ይጻፋል። ይህ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ ያን ያህል ባይበርድም ሬዚኑ ይዘገያል።

መበጥበጫው ኩባያ ውስጥ የተረፈውን ነክቶ መድረቁን መፍረድ የተለመደ ነው። ኩባያው ግን ያታልላል። ሁለቱ ፈሳሾች ሲዋሃዱ ይሞቃሉ። ኩባያው ሥር የተጠራቀመው ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ቶሎ ይጠነክራል፤ ስስ ጉትቻ ሙቀቷ ወዲያው ይበተናል። ኩባያው ደርቆ እሷ ገና ለስላሳ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ከዚያው ውህድ፣ በዚያው ውፍረት፣ ሌላ ጠብታ ጎን ለጎን ታፈሳለች። ጥፍሯን የምታሳርፈው በዚያች ላይ ነው፣ ጓንት አድርጋ፤ ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ ያስቆጣል።

ጥፍር ሰርጎ ከገባ ገና ነው። ምልክቱ ታይቶ ቀስ እያለ ከጠፋ ሬዚኑ እንደ ቆዳ ሆኗል። አምባር የሚሠሩ አንዳንዶች ይህን ሰዓት ይጠብቁታል፤ ጠፍጣፋውን አውጥተው ጠርሙስ ላይ ጠምዝዘው ያስሩታል፣ እንደዚያው ይደርቃል። ጉትቻ ግን በዚህ ሰዓት ከወጣች ጫፏ ይጣመማል፣ የጣት አሻራም ይታተምባታል። ጥፍሩ ምንም ካልተወባት ደርሳለች።

ያን ጊዜ የሲሊኮኑ ጠርዝ ዙሪያውን በአውራ ጣት ሳብ፣ ለቀቅ ይደረጋል። ቅርጽ ማውጫው ውስጡን የሚያሳይ ከሆነ፣ አየር የገባበት ቦታ እንደ ብር ያበራል። ብሩ ዙሪያውን ሲገጥም ከሥር ይገፋል፤ መጀመሪያ ሰፊው ወገን፣ ቀጭኑ ጫፍ መጨረሻ። እንዲህ ከሆነ ጫፉ ሳይታጠፍ ተንሸራቶ ይወጣል። ሲሊኮኑን የነካው ገጽ የሲሊኮኑ ግልባጭ ነው፤ ቅርጽ ማውጫው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጉትቻዋም ያለ ማለስለሻ ታበራለች።

ጉትቻዋ የምትንጠለጠልበትን ቀዳዳ መብሳት ይቆያል። ብዙዎቹ ሬዚኖች ጥንካሬያቸው እስኪሞላ 72 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። ከዚያ 1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በሁለት ጣት መካከል ይሽከረከራል። ሬዚኑ ያልበሰለ ቢሆን መሰርሰሪያው ላይ እንደ ማስቲካ ይጠመጠም ነበር። ከዚህችኛዋ የሚወጣው ደረቅ ነጭ ብናኝ ነው፤ እፍ ሲሉት ይበናል።