ጥይት የበሳው መስታወትና አረንጓዴው ሳሎን

(ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ወደ አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ወገናችን ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ ወሬ ይዞ ይመጣል፦ «ስድስት ኪሎ ሄጄ የጃንሆይን አልጋ አየሁት!» ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። እዚህ ጋርላንድ ቡና በተፈላበት ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንዱ «ያን ያህል ዘመን የገዙ ንጉሥ እንዲህ ባለ ቀላል ክፍል ይተኙ ነበር» ብሎ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሌላው «የመታጠቢያ ቤቱን አይታችኋል? ወሎ እየተራበ!» ብሎ ይቆጣል። (የወሎ ረሃብ በ1965 ዓ.ም. ሲበረታ ንጉሡ ያንን ቤት ከለቀቁ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ተቺም ቢሆን ቀኑን ማወቅ አለበት።) ሁለቱም ከአንድ አልጋ ላይ የየራሳቸውን ታሪክ ያነባሉ።

መቼም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለ ምስጋና የሚታለፍ አይደለም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። ኤግዚቢሽኑ ሕዝቡን በብሔር በብሔር ከፋፍሎ ከመደርደር ይልቅ በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ፣ ከልጅነት እስከ ሞት፣ ማቅረቡን በበኩሌ እንደ ትልቅ ጥበብ እቆጥረዋለሁ። ዛሬ አገራችን ባለችበት ሁኔታ ደግሞ የበለጠ ይገባናል።

ቅር የሚለኝ የጉብኝታችን ጡዘት መኝታ ቤቱ መሆኑ ነው። እዚያ በጃንሆይ መልበሻ ክፍል ያለው መስታወት ጥይት በስቶታል። የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ትዝታ ነው። የጉብኝት መጻሕፍት ሳይቀሩ ይጠቅሱታል፣ ጎብኚውም «ወይ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ለመሆኑ ያ ጥይት ማንን ገደለ? ማንንም። የመስታወቱ ባለቤት በዚያን ሰሞን ብራዚል ነበሩ። የሞቱት በዚያው ጣሪያ ሥር፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩት ናቸው፦ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና ሌሎችም። ራስ አበበ አምስት ዓመት በሸዋ ዱር ጣሊያንን ሲፋለሙ ጠላት ተቀምጦ ያዘዘው በዚሁ በገነተ ልዑል ነበር። የአርበኛው ሕይወት በዚያ ቤት በወገን ጥይት ማለፉ ከማንኛውም አልጋ በላይ የሚያነጋግር ነው።

የቤቱ ታሪክ እንዲህ ነው። ጃንሆይ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከአባታቸው በወረሱት ቦታ ላይ አሠሩት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግቢው ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያም ሦስት ቀን የዘለቀው ጭፍጨፋ አዲስ አበባን በደም አጠባት። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ተማሪ እነሆ ከዚሁ ግቢ ወጣ። አንድ ሕንፃ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ እኛ ስለ ፍራሹ እንከራከራለን።

«ቁስል መቆስቆስ ምን ይበጃል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ክብደት ያለው ጥያቄ ነው፤ የሟቾቹም የገዳዮቹም ልጆች በሕይወት አሉና። ይሁንና ምሳሌው ደጃችን ላይ ነው። ከጋርላንድ ሰማያዊውን የዳርት ባቡር ይዞ ዌስት ኤንድ ጣቢያ የወረደ ሰው ጥቂት እንደተራመደ ኦስዋልድ እ.ኤ.አ. ህዳር 22 ቀን 1963 ኬኔዲን የተኮሰበትን የመጻሕፍት መጋዘን ያገኛል። ዳላስ በዚያ ሕንፃ አፍራ ነበር፤ «ይፍረስ!» ያሉ ነዋሪዎችም ብዙ ነበሩ። የካውንቲው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1977 ገዛው፤ በ1989 ስድስተኛው ፎቅ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የመስኮቱ ጥግ፣ ካርቶኖቹ እንደዚያን ቀን ተደርድረው፣ በመስታወት ታጥሯል። ጎብኚው ጥይቱ ከየት እንደተነሣ፣ ማንን እንዳገኘ ያያል። ስለ ገዳዩ እስከ ዛሬ የማይስማሙ አሜሪካውያን ስለ ክፍሉ ግን ይስማማሉ።

እኛ መሐንዲሶች አንድ ልማድ አለን። ግንባታ ሲያልቅ፣ መጀመሪያ የታሰበውን ሳይሆን በእርግጥ የተሠራውን የሚያሳይ ፕላን እናስረክባለን። ግድግዳ ከቦታው ተዛውሮ ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል፤ የባለቤቱ ኩራት አይጠየቅም። ለገነተ ልዑልም እንዲህ ያለ ፕላን ይሠራለት ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ክፍል፣ እያንዳንዱ ደረጃ፣ ቀኑና የሰዎቹ ስም ተጽፎ በመግቢያው ላይ ይሰቀል። ጀግናና ከሃዲ እያሉ መፈረጁን ለጎብኚው እንተውለት።

ጉዳዩ ከስድስት ኪሎም ያልፋል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት፣ ደርግ ባለሥልጣናትን ያጎረበት ምድር ቤትም ለጎብኚ ተከፍቷል። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት መካከል ብዙዎቹ የቆዩት በዚያ ግቢ ነበርና። የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥትም በፈረንሳይ ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተመርቋል። መጪው ክረምት ወደዚያ የምትሄዱ፣ ወርቅ ቅቡን ወንበር አይታችሁ ስታበቁ አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን የወሰደችው ቮልስዋገን የቆመችው በየትኛው በር ላይ ነው?