የሚያደምጥ ብረት

ቅርፅ ዝም ብሎ የሚቆም፣ ተመልካቹም ዝም ብሎ የሚያየው ነገር ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ታምኖበት ኖሯል። ቅርፁ ቢንቀሳቀስስ? ተንቀሳቅሶም ፊቱን ወደ ተመልካቹ ቢያዞርስ? ይህ ጥያቄ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ አያሌ ቀራፂዎችን ከመሮና ከመዶሻ አስነሥቶ ወደ ሽቦና ወደ ሞተር ወስዷቸዋል። የሄዱበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። የጥበብ ሰው የኤሌክትሮኒክን ሙያ ራሱ ይማር ወይስ የሚያውቀውን መሐንዲስ ያሠራ? ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። (ዘመኖቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መሐንዲስ በማሠራት የተገኘውን አስቀድመን እንይ። በማርች 17 ቀን 1960 ስዊሳዊው ዣን ቲንጌሊ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አትክልት ውስጥ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ መኪና አቆመ። ከቢስክሌት ጎማ፣ ከአሮጌ ፒያኖና ከልዩ ልዩ ውዳቂ የተገጣጠመ ነበር። በኤሌክትሪኩ ሥራ የረዳው በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቢሊ ክሉቨር ነው። መኪናው እንደ ታቀደለት ሳይሆን እንደ ገዛ ፈቃዱ ሆነና ነደደ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መጥቶ አጠፋው። ክሉቨር በዚህ አላበቃም፤ በኦክቶበር 1966 ከሠዓሊው ከሮበርት ራውሸንበርግ ጋራ ሆኖ 10 የጥበብ ሰዎችንና 30 ያህል መሐንዲሶችን አገናኝቶ በዚያው ከተማ ለ9 ምሽቶች ትርኢት እንዲቀርብ አደረገ።

ይህ የሚያስመሰግን ጉርብትና ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት እናይበታለን። ሙያውን የማያውቅ ሰው ሊያዝ የሚችለው መኖሩን የሰማውን ብቻ ነው፤ ጨርቁን ዳስሶ የማያውቅ ባለገንዘብ ልብስ ሰፊውን እንደሚያዝ ማለት ነው። ልብሱ ሊያምር ይችላል። ነገር ግን ጨርቁ በመቀስ ሥር ሲሸሽ ምን አሳብ እንደሚሰጥ ያዛዡ ሰው ከቶ አያውቀውም።

ኤድዋርድ ኢህናቶቪች የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1926 በፖላንድ ተወለደ፤ በጦርነቱ ምክንያት ተሰዶ በ1943 እንግሊዝ አገር ገባ፤ በኦክስፎርድ ሥዕልና ቅርፅ ተማረ። ቤት ዕቃ በማሠራት ጥሩ ኑሮ ከያዘ በኋላ በ1962 ቤቱንና ንግዱን ትቶ፣ ሙቅ ውሃና ማሞቂያ በሌለበት በአንድ የመኪና ማደሪያ ውስጥ መኖር ጀመረ። እዚያም የአሮጌ መኪና ዕቃዎችን እያገጣጠመ ቅርፅ ይሠራ ነበር። የዘይት ግፊት ብረትን እንዴት እንደሚያነሣ፣ እንዴትም ቀስ አድርጎ እንደሚያወርድ የተማረው ከዚሁ ውዳቂ ነው። መጽሐፍም መምህርም በኋላ መጡ።

የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ፍሬ በ1968 ለንደን ውስጥ «ሳይበርኔቲክ ሴሬንዲፒቲ» በተባለው ኤግዚቢሽን የቀረበው «ሳም» ነው። እንደ ጀርባ አጥንት አንጓዎች የተደረደረ የአሉሚንየም አንገት፣ በአናቱም አበባ የሚመስል ራስ፣ በራሱም ላይ 4 ማይክሮፎኖች ነበሩት። ድምፁ ከየት እንደ መጣ ከማይክሮፎኖቹ ልዩነት እያሰላ አንገቱን ወደዚያ ያዞራል። ለዘብ ያለና የማይቋረጥ ድምፅ ይስበዋል፤ ጩኸት ግን አያነቃንቀውም። ጎብኚዎቹ የሚወደውን ድምፅ ለማግኘት እያንጎራጎሩ ረጅም ጊዜ ይቆሙ እንደ ነበር ይነገራል።

ዋናው ሥራ ግን «ሴንስተር» ነው። ይህንን የፊሊፕስ ኩባንያ አሠርቶት በ1970 በሆላንድ በአይንድሆቨን ከተማ፣ ኤቮሉዎን በተባለው የኩባንያው ማሳያ አዳራሽ ቆመ። ርዝመቱ ከ4 ሜትር በላይ የሆነ፣ ልብስም ቆዳም ያልተደረገለት የብረት ቧንቧ አጽም ነው። የመጋጠሚያዎቹ አሠራር የተቀዳው ሎብስተር ከሚባለው የባሕር እንስሳ የመቆንጠጫ እጅ ነው። በራሱ ላይ 4 ማይክሮፎኖችና እንቅስቃሴን የሚለዩ 2 ራዳሮች ነበሩት፤ የሚያዝዘውም ኮምፒዩተር ነበር። ቀስ ብሎ እጁን ለሚያወዛውዝና በለሆሳስ ለሚጠራው ጎንበስ ብሎ ይቀርባል። አዳራሹ በጫጫታ ሲሞላ ግን ራሱን ወደ ላይ አንሥቶ ይሸሻል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር መግለጽ ይገባናል፤ ሥራውን ከመጫወቻ የለየው ይኸው ነውና። ሞተር እንዲሁ ቢለቀቅ በድንገት ይነሣል፣ በድንገትም ይቆማል፤ መኪና መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። ኢህናቶቪች ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ እስከ መንገዱ እኩሌታ ፍጥነቱን እየጨመረ፣ ከዚያም እየቀነሰ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲደርሱ አደረገ። እንዲህ ያለውን ነገር ቀራፂ ለመሐንዲስ ምን ብሎ ያዝዘዋል? «እንደሚያመነታ ሰው አንቀሳቅስልኝ» ቢለው መሐንዲሱ ይስቃል። ማመንታትን ወደ ዘይት ግፊትና ወደ ኤሌክትሪክ ቋንቋ የሚተረጉመው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ኢህናቶቪችም ቢሆን ያለ ረዳት አልሠራም፤ በ«ሳም» የኤሌክትሮኒክ ሥራ መሐንዲሱ ጆን ቢሊንግስሊ ረድቶታል። ነገር ግን የሚጠይቀውን ያውቅ ነበር።

«ሴንስተር» ሕያው ይመስል ነበር እያሉ የሚያደንቁትን ሁሉ ግን አንከተልም። የተሰጠው ሕግ ጥቂት ነው፤ ለድምፅ ቅረብ፣ ከጩኸት ሽሽ፣ ከኃይለኛ እንቅስቃሴ ራቅ። የቀረውን፣ ማለት ዓይነ አፋርነቱንና ጉጉቱን፣ የጨመረበት ተመልካቹ ነው። ቀራፂውም ይህን ተረድቶት ነበር። ከተመልካች አሳብ መዋስ በራሱ ነውር አይደለም፤ የድንጋይ ሐውልትም የሚያዝነው እኛ ስናዝንለት ነው። እኛ የምንነቅፈው ሌላ ነው። «ሴንስተር» ትናንት የቀረበውን ልጅ ዛሬ አያስታውሰውም። ግንኙነት ብለን የምንጠራው ነገር ያለ ትዝታ የት ድረስ ይሄዳል? ኢህናቶቪች ከዚያ በኋላ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመካኒክ ምሕንድስና ክፍል ገብቶ እስኪያረጅ ሲመራመር የኖረው ጥያቄው ስላልለቀቀው ይመስለናል።

የሥራውም ዕድል አሳዛኝ ነው። ከ4 ዓመት ያህል በኋላ ተነቀለ። ኮምፒዩተሩና ሽቦው ተለይቶት ባዶ አጽሙ በሆላንድ ሜዳ ላይ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ዝናብ ሲወርድበት ቆመ። ቀራፂው በ1988 ሞተ። በ2017 በፖላንድ የክራኮው ከተማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አጽሙን ገዝቶ ወሰደው፤ መምህራንና ተማሪዎች አድሰውትም በ2018 እንደገና ተንቀሳቀሰ። የነሐስ ሐውልት ሺህ ዓመት ይቆማል፤ የሚያደምጥ ሐውልት ግን የሚጠግነው ትውልድ ከሌለው ብረት ብቻ ነው። የዚህ ጥበብ ተማሪ መጠገንን ከመሥራት ጋራ አብሮ መማር አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

ዛሬ መሣሪያው ቀሏል። በ2005 በኢጣሊያ ኢቭሬያ ከተማ ለዲዛይን ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀው አርዱዊኖ የተባለው ሰሌዳ በመዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ ፊሊፕስን የመሰለ ኩባንያ ደጅ ሳይጠና አንድ ተማሪ በኪሱ ገንዘብ ሊገዛው ይችላል። ከቀላልነቱ ጋራ ግን ብዙ የበር ደወል ተፈልፍሏል። ጎብኚው ይጫናል፣ መብራት ይበራል፤ ይቀርባል፣ ድምፅ ይሰማል፤ ሁለተኛ የሚያቆመው ነገር የለም። ጉድለቱ የሽቦ አይደለም፤ ሠሪው ብየዳውን ተምሮ እምቢታን ሳይማር ቀርቷል።

ስለዚህ ይህን ሙያ ለሚያስተምሩ መምህራን አንድ የቤት ሥራ እናቀርባለን። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ትንሽ ሞተር፣ አንድ ሰሌዳ ይስጡ። ተማሪው በሹክሹክታ ሲጠሩት የሚዞር፣ ሲጮኹበት ግን ፊቱን የሚያዞር አንድ እንጨት ይሥራ። ከዚያም በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ያቁመውና የሚያልፉት ሰዎች ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙለት ራቅ ብሎ ይቁጠር።