ምክር ያልገታው፣ ሕግ የቀነሰው የሕፃናት ጉዳት

በአሜሪካ በማሳ፣ በጫካና በአሸዋማ ሥፍራ በሚነዱ ባለሦስትና ባለአራት ጎማ ሞተሮች ሳቢያ ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ከ3,000 በላይ ልጆች ሞተዋል። ይህን ለመግታት የተካሄደው ማኅበረሰባዊ ቅስቀሳ ብዙ ጊዜ በጅምላ ይወደሳል። ፍሬ ያፈራው የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ግን ተለይቶ ሊመረመር ይገባል።

የመጀመሪያው ስልት ሻጭን ማስማማትና ወላጅን መምከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 አምራቾች ከመንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት የባለሦስት ጎማው ሽያጭ ቆመ፤ ለአዋቂ የተሠራውም ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መንጃ እንዳይሸጥ ተወሰነ። ስምምነቱ እስከ 1998 ቢጸናም የሚገዛው ሱቁን እንጂ የቤቱን ግቢ አልነበረም፤ አባት ለራሱ የገዛውን ልጁ እንዳይነዳ አላገደም።

ሐኪሞችም በራስ ቁር ላይ ከሚገባው በላይ ተማምነዋል። የራስ ቁር የጭንቅላት ጉዳትን እንደሚቀንስ አያከራክርም። ነገር ግን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሞተር ተገልብጦ ሲጫን ደረትንና ሆድን አያድንም። ሞተሩን አዙሮ ለመንዳት አካልን ማዘንበል ግድ ነው፤ የሕፃን ክብደትና ጉልበት ለዚህ አይበቃም። ይህንን ጉድለት ሥልጠና አይሞላውም።

የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ተሞክሮ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በ2006 የ8 ዓመት ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ከሐኪሞች ጋር ተባብረው ባደረጉት ጥረት፣ በ2010 ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይነዱ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ2017 ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሕጉ በኋላ በዚሁ ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ከ10 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች መጠን በ50 በመቶ ቀነሰ፤ ከ25 እስከ 34 ዓመት ባሉት ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም።

ጥናቱ የአንድ ክፍለ ግዛት ብቻ ነው። ሞተሩ የእርሻ መሣሪያ በሆነበት አካባቢ ተመሳሳይ ሕግ ማስከበር ይበልጥ እንደሚከብድም መገመት ይቻላል። ቢሆንም ዋናው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ቅስቀሳ ወላጅን በመምከር ብቻ ከተወሰነ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል።

በአገራችን የሕፃናት አደጋ መልኩ ሌላ ነው፤ ልጆች በመንገድ ላይ ይጎዳሉ። ሆኖም የተጎዳው ልጅ ዕድሜ፣ የአደጋው ሥፍራና የአሽከርካሪው ማንነት በካርዱ ላይ በጥንቃቄ ካልተመዘገበ፣ ነገ ሕግ አውጪ ፊት የምናቀርበው ማስረጃ አይኖረንም።