ከግርጌ ማስታወሻ የጠፉ ምስክሮች

በቃል ታሪክ የሠሩ ደራሲያንንና ምሁራንን ስናከብር የምናሞግሰው ድካማቸውን ነው፤ በየገጠሩ መዞራቸውን፣ ከሽማግሌ ሥር ተቀምጠው መጠየቃቸውን። ይህ ውዳሴ ሥራውን አይመዝንም። መታየት ያለበት የነገሯቸውን ሰዎች ቃል እንዴት እንደያዙት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጥናቶች መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፣ ሰውየው ማን እንደሆነና ምን እንደሚያውቅ የሚገልጽ አጭር አስተያየት። ከታሪክ ጥናታችን ትልልቅ ውርሶች አንዱ ይህ ዝርዝር ይመስለኛል። ነገሥታቱን በስም፣ ገበሬውን በጅምላ ሲጠራ በኖረው አጻጻፋችን ውስጥ፣ የቀድሞው ጭሰኛና የደብሩ አለቃ እኩል በየስማቸው የሚቆሙት እዚህ ነው።

ወደ ግርጌ ማስታወሻው ሲወረድ ግን ያ ክብር ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ለአንድ ዓረፍተ ነገር አራት አምስት መረጃ ሰጪ ይደረደራል። ስለ አንድ የመሬት ክርክር ጭሰኛውና የባለርስቱ ልጅ አንድ ቃል ተናገሩ? ማን በዓይኑ አየ፣ ማን ከአባቱ ሰማ? አንባቢ ማወቂያ የለውም። አጥኚው ልዩነቱን ሰምቶ፣ አስማምቶ ጽፎታል። የታሪክ ምሁሩ ጃን ቫንሲና ምስክር ከምስክር እየተለየ እንዲመዘን የሚያስተምረውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ልማድ የአጻጻፍ ጉድለት ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

የሥነ ቃል ምሁሩ ፈቃደ አዘዘ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የገጠሙትን ግጥም ሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ልማድ ያመለጠው በግጥሙ ጠባይ ጭምር ነው፤ ስንኝ እንደ ወሬ አይጨመቅም። ስለዚያ ረሃብ መንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ብዙ ጽፈዋል፤ የተራበው ሰው ከፈጣሪው ጋር የገጠመውን ሙግት ግን የምናገኘው እዚህ ነው። ጌቴ ገላዬም የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የገጠሙትን በ2000 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሁለቱም ጥናቶች የቀረቡት በእንግሊዝኛ መሆኑ ያንገበግበኛል። ቃሉን የሰጠው ገበሬ ልጁ ፊደል ቢቆጥር እንኳ ስለ አባቱ ግጥም የተባለውን አያነበውም።

ቃሉን የሚሰጠው ስደተኛ ሲሆን፣ ለምሳሌ ዱባይ ላይ፣ ጉዳዩ ይከብዳል። በከተማዋ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሰፈር ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ አስቀጣሪው ኤጀንሲ፣ ስለ አሠሪዋ እመቤት፣ ወደ አገር ቤት ስለተላከው ገንዘብ የሚያወጉት የዘመናችን የቃል ታሪክ ነው። ስማቸው ቢወጣ ሥራቸውና መኖሪያ ፈቃዳቸው አደጋ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ምትክ ስም ይገባቸዋል። ይህ ግን የሦስት ሴቶችን ቃል አጣምሮ አንዲት ሴት መፍጠርን አይፈቅድም። በ2015 እ.ኤ.አ. ለኖቤል የበቁት ደራሲ ስቬትላና አሌክሲየቪች ምስክሮቻቸውን በየራሳቸው ቃል እያናገሩ ነው መጻሕፍታቸውን የገነቡት። አቡ ዳቢ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የኤምሬትስ ሽማግሎችን ትዝታ ይቀዳል፤ የእኛን ሠራተኞች ታሪክ መቅዳት የእኛ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ሸላሚዎች ሆይ፣ ከመቅድሙ በፊት የመረጃ ሰጪዎቹን ዝርዝርና የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ። የማን ቃል የት እንዳለ የማይለይ ሥራ አትሸልሙ፤ የምትሸልሙት ሥራም ቃሉን ለሰጡት ሰዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በየቋንቋቸው እንዲመለስ ገንዘብ መድቡለት።