የአዲስ አበባ መማሪያ በጅቡቲ ኪቦርድ ላይ

ኮምፒውተርን ለጀማሪዎች ለማስተማር በአማርኛ የሚዘጋጁት መጻሕፍት አብዛኞቹ ከአንድ መቅረጫ የወጡ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ይተነትንና ወደ ታሪኩ ያልፋል፤ ቻርለስ ባቤጅ ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየውና ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ቫኪዩም ቱቦዎችን የተሸከመው ኢኒያክ ይከተላል። ቀጥሎ ዊንዶውስ፣ ወርድና ኤክሴል በየተራቸው ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ «እዚህ ላይ ጫን፤ ይህን ምረጥ» በሚል ትእዛዝ ይሞላል።

የእነዚህ መጻሕፍት ውለታ ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ ያልዘለቀውን አንባቢ ከማሽኑ ጋር አስተዋውቀዋል፤ ማውዝ ለመያዝ የሚፈራውን እጅ አደፋፍረዋል። «ፋይል»ና «ፎልደር»ን የመሳሰሉ ስሞችን ባልተለመደ ትርጉም ከመተካት ይልቅ ተማሪው በሥራ ቦታ እንደሚሰማቸው አድርገው ማስቀመጣቸውም ተገቢ ነው። ይሁንና የአንድ መማሪያ ጥንካሬ የሚፈተነው ከተጻፈበት ከተማ ሲወጣ ነው። ለዚህ ፈተና ደግሞ ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል።

የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት ጀማሪው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ኮምፒውተር በፈረንሳይኛ የሚሠራ ነው። መጽሐፉ «ፋይል» ያለው እዚህ «ፊሺዬ»፣ «ሴቭ» ያለው «አንረዥስትሬ» ይሆናል። በእንግሊዝኛው ወርድ ጽሑፍን ለማድመቅ ከኮንትሮል ጋር የምትነካው ቢ፣ በፈረንሳይኛው ቦታዋን ለጂ ለቃለች። ፋይልን ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ የተረዳ ሰው ይህን በአንድ ቀን ይለምደዋል፤ ትእዛዙን በቃሉ የሸመደደ ግን ትምህርቱን እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል።

ኪቦርዱ ላይ ሲደረስ ችግሩ ይብሳል። በፈረንሳይኛው ኪቦርድ ኤ እና ኪው፣ ዜድ እና ደብሊው ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ኤም ከኤል ጎን ሄዳለች። በድምፅ ተመሳስሎ በሚሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች «ቀ» በኪው፣ «ወ» በደብሊው ይጻፋሉ። ስለዚህ የመጽሐፉን ሥዕል አምኖ ጣቱን የሚያሳርፍ ጀማሪ «ቀ» ሲጠብቅ «አ»፣ «ወ» ሲጠብቅ «ዘ» ሊመጣበት ይችላል። የአማርኛው ፊደል ጉዳይም እንዲሁ በቂ ማብራሪያ አላገኘም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ቀደም የነበሩት ብዙ መጻፊያዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ይደርቡት ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው ፋይሉ በቫይረስ የተበላ መስሎት ሊያጠፋው ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን በደኅንነት ትምህርት ላይ ይታያል። ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ተገፍቶ፣ የቫይረስን ትርጉም ከመስጠትና «አንቲቫይረስ ይጫን» ብሎ ከመምከር አያልፍም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከባቸው አሳይቷል። ወጥመዱ ተራ ነበር፦ ኢሜይል ይደርሳል፤ ቪዲዮ ለማየት ሊንኩን የነካ ሰው የፍላሽ ማጫወቻውን እንዲያድስ ይጠየቃል፤ ማደሻ መስሎ የቀረበው ፋይል ሰላዩን በሆዱ ይዟል። አጥቂው የተናገረው ቃል መማሪያው የተናገረውን ነው፦ «እዚህ ላይ ጫን»። ሳይጠይቅ መታዘዝን የለመደ ተማሪ ለእንዲህ ያለው ወጥመድ የተመቸ ነው።

«አትጫን» ብሎ ማስፈራራትም መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት በማርች ወር ደፍኖት ነበር፤ የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። መማሪያው ሊያስተምር የሚገባው ልዩነቱን ነው፦ ማደሻ ከዊንዶውስ የራሱ ማስተካከያ ሲመጣ ይታመናል፤ ከድንገተኛ ድረ ገጽ ሲመጣ ግን ይጣላል። ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ስለተቋረጠ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ይህን መጠየቅ ይኖርበታል። የይለፍ ቃልም በጅቡቲ የራሱ ጣጣ አለው፦ በፈረንሳይኛው ኪቦርድ ቁጥር ለመጻፍ ሺፍትን መያዝ ያስፈልጋል። በሌላ ኪቦርድ የተለመደ ቃል እዚህ ሲጻፍ ሌላ ይሆናል፤ በነጥብ ስለሚሸፈንም ስሕተቱ አይታይም። ቃሉ ተሰረቀ ብሎ ከመደንገጥ በፊት በስክሪኑ ጥግ የሚታየውን የቋንቋ ምልክት ማየት ይበቃል።

ኮምፒውተርን ፈቶ መገጣጠምን እነዚህ መጻሕፍት ለጠጋኝ ባለሙያ ትተውታል። በቀዝቃዛው የአዲስ አበባ ደጋ የሚጽፍ ደራሲ ሙቀትን ቢዘነጋ አይደንቅም። በጅቡቲ ግን በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የባሕሩ እርጥበትና ካምሲን የሚያነሣው አቧራ ይጨመሩበታል። የአየር ማስገቢያው ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበረደም ማሽኑ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ባለቤት ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፤ ገንዘቡም ፋይሉም ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ፣ የሣጥኑን ብረት ነክቶ በሰውነቱ ያለውን ስታቲክ አስወግዶ፣ ራሙን በጎድጓዳው ልክ የገጠመ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የአተር ፍሬ ያህል የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አድርጎ ማራገቢያውን ያሰረ ጀማሪ፣ የብልሽቱን ምንጭ ለመገመት መነሻ አለው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገጽ ሳይሆን የቅደም ተከተል ለውጥ ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ ይጀመር፤ ፊደልና ኪቦርድ ይከተሉ፤ ደኅንነት ኢንተርኔት ከመከፈቱ በፊት ይምጣ፤ ወርድና ኤክሴል ከዚያ ይድረሱ። ኢኒያክ በመጨረሻ ቢነገር የሚቀርበት ነገር የለም። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው በፈረንሳይኛው ማሽን ፊት ቢቀመጥ የሚያጣው ጥቂት ስሞችን ብቻ ነው፤ እነሱንም ከጎኑ ያለው ጅቡቲያዊ የሥራ ባልደረባው ይነግረዋል።