ምስጋና ለቲሲፒደምፕ

ቨርቹዋል ስዊች በዓይን የሚከተሉት ኬብል የለውም፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ባለሙያውን ከግምት የሚያወጣው ቲሲፒደምፕ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ቫን ጃኮብሰን፣ ክሬግ ሌረስና ስቲቨን ማካን የጻፉት ይህ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የቨርቹዋል ማሽኑን ታፕ (ምናባዊ የኔትወርክ በይነገጽ)፣ ብሪጁን (ቨርቹዋል ስዊቹን) እና የኔትወርክ ካርዱን በየተራ ያስፈትሻል። የኤአርፒ ጥያቄ ታፑ ላይ ታይቶ ካርዱ ላይ ከጠፋ፣ ችግሩ በመካከላቸው ነው፤ የብሪጁ አባልነት፣ የቪላን ቁጥር ወይም የፋየርዎል ደንብ ይመረመራል። ከካርዱ ወጥቶ መልስ ካጣ ደግሞ ፍለጋው ወደ ውጭ ይዞራል። «ያሳያል እንጂ አይጠግንም፤ የተመሰጠረ ትራፊክ ላይስ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ይዘቱ ቢመሰጠርም የላኪና የተቀባይ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል፤ ፓኬቱ የት እንደቀረ ለማወቅ ያ ይበቃል። ቦታው ካልታወቀ ደግሞ ጥገና ማለት ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ጤነኞቹንም ማሽኖች አብሮ ማቋረጥ ይሆናል።